እውነት የሚነገረው መሪ፦ የዴሞክራሲያዊ አመራር መለኪያ ከደሃና ወረዳ ሲታይ

በአገራችን ስለ መልካም አመራር በሚካሄዱ ሥልጠናዎችና የውይይት መድረኮች የመሪ ባሕርያት በዝርዝር ይነገራሉ። መሪ ራዕይ ያለው፣ ቁርጠኛ፣ ታታሪ፣ ከሙስና የጸዳና ሕዝብን የሚያከብር መሆን እንዳለበት ይወሳል። ዝርዝሩ ስህተት የለበትም። ይሁን እንጂ እነዚህ ባሕርያት በማናቸውም ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ካለ መሪ የሚጠበቁ ናቸው። ታታሪነትና ቁርጠኝነት በዘውዱ ዘመን ሹማምንትም ሆነ በወታደራዊው መንግሥት ካድሬዎች ዘንድ ፈጽሞ የጠፉ አልነበሩም። ስለሆነም ጥያቄው ጠበብ ብሎ መቅረብ ይኖርበታል። አንድን መሪ በተለይ የዴሞክራሲያዊ ሥርዓት መልካም መሪ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከአምደወርቅ ተነሥቶ ለመመልከት ይሞክራል። አምደወርቅ በአማራ ክልል፣ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የደሃና ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው እንደ አብዛኞቹ የዋግ ወረዳዎች ሁሉ በተከዜ ተፋሰስ የሚገኝ፣ ተራራና ሸለቆ የበዛበት፣ አፈሩ ለረጅም ዘመን የተሸረሸረ፣ አርሶ አደሩም የዓመት ኑሮውን በአብዛኛው በክረምቱ ዝናብ ላይ የመሠረተበት አካባቢ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ያለጊዜው ሲወጣ ጎተራው ባዶ ይቀራል። እንዲህ ባለ ስፍራ የመሪ ጥሩነት የመድረክ መወያያ ርዕስ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቤተሰብ ቀለብና የሕፃናት ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የጽሑፉ ማጠንጠኛም አንድ ነው። በዴሞክራሲ መልካም መሪ ማለት ሕዝቡም ሆነ የበታች ሠራተኛው እውነቱን ሳይፈራ ሊነግረው የሚችል፣ የሰማውንም እውነት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ወደ ላይ የሚያደርስ፣ ለውሳኔውም በአደባባይ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

ከሹመት ወደ ውክልና

ዋግ የራሱ የረጅም ዘመን የአስተዳደር ታሪክ ያለው አገር ነው። አካባቢውን ይገዙ የነበሩት ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር። ሥልጣኑም በዘር ሐረግ ይተላለፍ ነበር። ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ኅልፈት በኋላ በ1860 ዓ.ም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1863 ዓ.ም ቆይተዋል። ይህ ታሪክ የአካባቢው ሕዝብ የሚኮራበት ቅርስ ነው። ይሁንና ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭ ለሚነሣው ጥያቄ የቀድሞው ሥርዓት የሚሰጠው ምላሽ አንድ ነበር፤ ከዘር ሐረግ ወይም ከበላይ ሿሚ።

ይህ እሳቤ በሕዝቡ አነጋገር ላይም አሻራውን ጥሎ አልፏል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል ገዢ ከተጠያቂነት በላይ እንደነበር ይመሰክራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ደግሞ ሥልጣን የግል መጠቀሚያ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ያሳያል። ይህ ሁለተኛው አባባል ዛሬም በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር በቀልድ መልክ ሲነገር መሰማቱ አመለካከቱ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ እንዳልተቀበረ የሚጠቁም ነው።

በሌላ በኩል ያው ሕዝብ «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ነበረው። ይህን ቃል የሰማ ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ቆሞ ጉዳዩን በዳኛ ፊት እንዲያይ ይጠበቅበት ነበር። ከሰው በላይ ሕግ አለ የሚለው እምነት ከውጭ የመጣ ትምህርት ሳይሆን በአገሬው ባህል ውስጥ የኖረ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ አስረጂ የለም። የዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ አንዱ ሥራ ይህን ነባር እምነት ከመንገድና ከገበያ አውጥቶ ወደ ሹሙ ቢሮ ማስገባት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ለዚህ መሠረት ጥሏል። በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ተደንግጓል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ተመልክቷል። በ1994 ዓ.ም በአማራ ክልልና በሌሎች ክልሎች የተጀመረው ሥልጣንን ወደ ወረዳ የማውረድ ፕሮግራምም ወረዳዎች በጥቅል የሚመደብላቸውን በጀት በራሳቸው ምክር ቤት እንዲደለድሉ አስችሏል።

ስለዚህ የዛሬው የወረዳ ኃላፊ በወረቀት ደረጃ ሹም አይደለም፤ ወኪል ነው። ሹም የሚመለከተው ወደ ሾመው አካል ሲሆን ወኪል ግን የሚመለከተው ወደ ወከለው ሕዝብ ነው። ችግሩ አንድ ሰው በወኪልነት ተቀምጦ በሹምነት መንፈስ ሊሠራ መቻሉ ነው።

ያልተሰማ ረሃብ ያስከተለው ጥፋት

በሹምነት መንፈስ የሚሠራ አስተዳደር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማወቅ የዋግ ሕዝብ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ ረሃብ ሲገባ የዘውዱ መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፋፈን ሞክሯል። አርሶ አደሩ በየመንገዱ እየወደቀ ባለበት ወቅት ጉዳዩ ለዓለም በስፋት የታወቀው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባቀረበው የቴሌቪዥን ፊልም ነበር። የተደበቀው ረሃብ መንግሥቱን ከመውደቅ አላዳነውም፤ ይልቁንም ለአብዮቱ መቀጣጠል ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ታሪክ ራሱን ደገመ። ዋግ በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የሚገኝ አውራጃ ነበር። በ1977 ዓ.ም መግቢያ ረሃቡ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ሰው እየፈጀ ሳለ ወታደራዊው መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪና ድምቀት አከበረ። በወቅቱ አገሪቱ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበራት። የቅድመ ማስጠንቀቂያ አሠራርም ነበራት። ኮሚሽኑም አደጋውን አስቀድሞ አሳውቋል። የጎደለው የሚናገር አካል አልነበረም፤ የጎደለው የሚሰማ መሪ ነበር። ጉዳዩ የዓለምን ትኩረት የሳበው በጥቅምት 1977 ዓ.ም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም በተላለፈ የቢቢሲ ዘገባ ነው። ያ ዘገባ እስኪተላለፍ ድረስና ከዚያም በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች አልቀዋል።

ሁለቱ መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም የተራራቁ ነበሩ። አንዱ ዘውዳዊ፣ ሌላው ሶሻሊስት ነበር። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰሉ ነበር፤ ሁለቱም መጥፎ ዜና የሚያመጣ ሰው የሚፈራባቸው፣ የተራበው ሕዝብም መሪውን ሊጠይቅበት የሚችልበት መንገድ የሌለባቸው ሥርዓቶች ነበሩ።

የኖቤል ተሸላሚው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን የወሎን ረሃብ ካጠኑት መካከል ናቸው። ምሁሩ እንደሚሉት ረሃብ የሚከሰተው ምግብ ከአገር በመጥፋቱ ብቻ አይደለም። ድሃው ምግቡን የሚያገኝበት አቅምና መብት ሲያጣም ይከሰታል። መደበኛ ምርጫ፣ ተቃዋሚና ነጻ መገናኛ ብዙኃን ባሉበት ሥርዓት ደግሞ ታላቅ ረሃብ አይከሰትም ሲሉ ይከራከራሉ፤ ምክንያቱም መሪው ዝም ቢል ዋጋ የሚከፍልበት በመሆኑ ነው። ለዚህም በቅኝ ግዛት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋልን የፈጀውን ረሃብ ነጻ ከወጣችው ሕንድ ተሞክሮ ጋር ያነጻጽራሉ።

የቻይና ተሞክሮም ለመንግሥት ሠራተኛው ሌላ ትምህርት የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1961 «ታላቁ ዝላይ» በተባለው ዘመቻ ወቅት የአካባቢ ኃላፊዎች የበላዮቻቸውን ለማስደሰትና ከተግሣጽ ለመዳን የምርት አኃዝ እያጋነኑ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥትም ያልተመረተውን እህል እንደተመረተ ቆጥሮ ከገበሬው ሰበሰበ። ውጤቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን የጨረሰ ረሃብ ሆነ። እያንዳንዱ ኃላፊ ምናልባት የጨመረው ጥቂት ኩንታል ብቻ ነበር። በመላ አገሪቱ ሲደመር ግን ሐሰቱ ሰው ገደለ።

የስም ዝርዝሩ ሲነበብ

ዛሬ በደሃናና በአጎራባች ወረዳዎች የመሪው ማንነት በግልጽ ከሚፈተንባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ድጋፍ የሚሰጣቸው ሰዎች ስም የሚለይበት ቀን ነው። በ1997 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ የምግብ ክፍተት የሚያጋጥማቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፉ ድጋፍ እንዲያገኙ፣ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞችም በቀጥታ እንዲደገፉ የተቀረጸ ነው። በዚህም እርከን ተሠርቷል፣ ተራራ ተከልሏል፣ ኩሬ ተቆፍሯል፣ መንገድ ተጠርጓል።

የፕሮግራሙ አሠራር ከዴሞክራሲ አንጻር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተጠቃሚዎችን የሚለየው በቀበሌና በማኅበረሰብ ደረጃ የተቋቋመ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። የተለዩት ሰዎች ስም ለኅብረተሰቡ በይፋ ይቀርባል። ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታውን የሚያሰማበት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም ለብቻው ይቋቋማል። በሌላ አነጋገር ሕገ መንግሥቱ ግልጽነት፣ ተሳትፎና ተጠያቂነት ያላቸው ሦስት ታላላቅ ቃላት በአንድ ቀበሌ ዛፍ ጥላ ሥር በተግባር የሚታዩበት አጋጣሚ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መሪ በዓይነ ሕሊና ማየት ይቻላል። አንደኛው ዝርዝሩን በቢሮው ጨርሶ የሚመጣ ነው። ዘመዱን፣ አበልጁን፣ በስብሰባ የሚያጨበጭብለትን ያስገባል። ስሙ ሲነበብ ያጉረመረመውን «ልማት አደናቃፊ» ብሎ ያሸማቅቃል። የቅሬታ ኮሚቴውንም ከራሱ ወዳጆች ያዋቅራል። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ለቁጥር ተሟልቷል፤ ስብሰባው ተካሂዷል፣ ቃለ ጉባኤው ተይዟል፣ ማኅተሙም ተመቷል። ፍሬው ግን የለም።

ሁለተኛው መሪ ዝርዝሩን ስም በስም ያስነብባል። እገሊት መበለት ናት፣ በሬ የላትም፣ ለምን ቀረች የሚል ድምፅ ሲነሣ ያዳምጣል። መልስ ካለው ይሰጣል፤ ከሌለው ስህተቱን ያርማል። ኮታው ለሁሉም እንደማይበቃ አይደብቅም። ማን ለምን እንደገባ፣ ማን ለምን እንደቀረ በመስፈርቱ ያስረዳል። የገዛ ዘመዱ መስፈርቱን ባላሟላ ጊዜ ስሙን በሕዝብ ፊት ይሰርዛል። ይህ ሰው ምናልባት ንግግር አዋቂ አይደለም። በመድረክ ላይ ስለ ዴሞክራሲ እንዲያብራራ ቢጠየቅ ሊቸገር ይችላል። ነገር ግን ዴሞክራሲን እየሠራው ነው።

የመስማት ጉዳይ ከቋንቋም ጋር የተያያዘ ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከአማርኛ ጎን ለጎን ኽምጣና የሚናገር ሕዝብ አለ። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኽምራ ሕዝብ የብሔረሰብ አስተዳደር ያቋቋመው ሕዝቡ በባህሉና በቋንቋው እንዲተዳደር ነው። አንዲት እናት አቤቱታዋን አፏን በፈታችበት ቋንቋ ስታቀርብ የሚረዳት ባለሙያ በቢሮው ከሌለ የቅሬታ ሳጥኑ መሰቀሉ ብቻውን አገልግሎት ሊባል አይችልም።

ሪፖርትና እውነት

መሪ ከሕዝቡ የሰማውን እውነት ወደ ላይ የሚያደርሰው በሪፖርት ነው። በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ «የውሸት ሪፖርት» የሚባለው ችግር በግምገማ መድረኮች ሁሉ የሚነሣ ነገር ግን በቀላሉ የማይነቀል ሆኖ ቆይቷል። ያልተሠራ እርከን እንደተሠራ፣ ያልጸደቀ ችግኝ እንደጸደቀ፣ ያልተሟላ ዕቅድ ከመቶ በላይ እንደተከናወነ ተደርጎ ይቀርባል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ በባለሙያው ሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ሲሳበብ ይሰማል። ይሁን እንጂ ባለሙያው እውነተኛውን አኃዝ ይዞ በሄደ ጊዜ የሚጠብቀው ተግሣጽ ከሆነ፣ የተጋነነውን ይዞ ሲሄድ ግን ምስጋና ከሆነ፣ ሐሰቱን ያመረተው መሪው ነው ማለት ይቻላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ አኃዙን የሚያስደብቅ መሪም ለወረዳው መድኃኒት አያገኝም።

በድርቅ ተጋላጭ ወረዳ ውስጥ አደጋው በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የምርት ግምቱ ከተጋነነ ዕርዳታው ዘግይቶ ይመጣል ወይም ጨርሶ ይቀራል። የተረጂው ቁጥር ያለአግባብ ከተጋነነ ደግሞ የባሰ ችግር ላይ ላለው ሌላ ወረዳ መድረስ የነበረበት እህል ይባክናል፤ በቀጣዩ ዓመትም እውነተኛው ጥያቄ አይታመንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋዎች እንዳይደርሱ የመከላከል፣ ከደረሱም ለተጎጂው በወቅቱ ዕርዳታ የማቅረብ ግዴታ ተጥሎበታል። ይህን ግዴታ በትክክለኛ አኃዝ ካልሆነ በቀር መወጣት አይቻልም።

እውነተኛ ልኬት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የሰቆጣን ስም የያዘውን ቃል ኪዳን ማስታወስ ተገቢ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስወገድ ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚል ስያሜ የተሰጠው በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የተጎዳውን አካባቢ ታሪክ በማሰብ ነው። አተገባበሩም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 የነበሩ ሲሆን በ2016 ወደ 38 ዝቅ ብለዋል። ይህ አኃዝ የተገኘው በግምት ሳይሆን ሕፃናቱን በመመዘንና ቁመታቸውን በመለካት ነው። ለውጡ የሚያበረታታ፣ ቀሪው ደግሞ የሚያሳስብ መሆኑን በአንድነት መናገር የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ጊዜው ጠንካራ መሪ ይጠይቃል» ለሚሉ

በዚህ ነጥብ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ። ሕዝብ ሲቸገር የሚያስፈልገው ፈጥኖ የሚወስንና የሚያዝ መሪ እንጂ ስብሰባ የሚያበዛ መሪ አይደለም ይባላል። መከራከሪያው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ ክፉኛ ተጎድቷል። ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ የጤና፣ የትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት ወድመዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም አካባቢው በድርቅና በጸጥታ ችግር መፈተኑ አልቀረም። እንዲህ ባለ ወቅት ፈጣን ውሳኔ የግድ ነው።

ሆኖም ፍጥነትና ተጠያቂነት አይጣሉም። ፈጥኖ መወሰን የሚቻለው ትክክለኛ መረጃ በእጅ ሲኖር ነው። መረጃው የሚገኘው ደግሞ ከሚያምን ሕዝብ ነው። የ1977ቱ መንግሥት ጠንካራ አልነበረም የሚል የለም፤ ጦር፣ ካድሬና ማኅበራት ነበሩት። ጥንካሬው ግን ረሃቡን ለማስቆም አልጠቀመውም። ከዚህም ባሻገር የዕርዳታ እህል ሲከፋፈል አንዴ የተዛባ ፍርድ የተመለከተ ሕዝብ በሚቀጥለው ጊዜ ለልማት ሲጠራ በሙሉ ልቡ አይወጣም። አመኔታ እንደ አፈር ነው። በአንድ ጎርፍ ይሄዳል፤ መልሶ ለመተካት ግን ዓመታት ይፈጃል። እርከን የሠራ የዋግ አርሶ አደር ይህን ያውቀዋል።

ሌላም ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። ከ2005 ዓ.ም የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ እንዲራዘም ተደርጓል። ምርጫ ሲዘገይ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊው በሕዝብ ድምፅ የሚመዘንበት ቀን ይርቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ የምክር ቤት ክትትል፣ የቅሬታ ሰሚ አካላት፣ የእንባ ጠባቂ ተቋምና የመገናኛ ብዙኃን ሚና ከወትሮው ይበልጥ ይከብዳል። መልካም መሪ ደግሞ የሚጠይቀው በሌለ ጊዜ ራሱን ለጥያቄ የሚያቀርብ ነው።

ከመንግሥት ሠራተኛው የሚጠበቀው

ከላይ የተነሡት ነጥቦች የሚመለከቱት ከፍተኛ ኃላፊዎችን ብቻ አይደለም። የግብርና ባለሙያው የምርት ግምት ሲሠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃን ስትመዝን፣ የፋይናንስ ባለሙያው የቀበሌውን በጀት ሲለጥፍ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለቀረበለት ጥያቄ መልስ ሲሰጥ እያንዳንዳቸው ዴሞክራሲውን ያጠናክራሉ ወይም ያዳክማሉ። ሐቀኛ ባለሙያ ለመልካም መሪ ጆሮና ዓይን ነው።

የመሪው ድርሻ ደግሞ ይህን ሐቀኝነት ዋጋ የማያስከፍል ማድረግ ነው። መጥፎ ዜና ይዞ የመጣን ባለሙያ ማመስገን፣ በግምገማ ላይ የበታቾችን ጉድለት ከመዘርዘር በፊት የራስን ማስቀደም፣ ዝርዝሮችንና በጀቶችን ሳይጠየቁ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፣ ቅሬታ አቅራቢን እንደ ባላንጣ አለማየት፣ የሥራ ዘመን ሲያበቃም ወንበሩን ያለቅሬታ መልቀቅ የሚጀመሩት ከዚህ ነው። አንዳቸውም ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም።

በአምደወርቅም ሆነ በሰቆጣ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ መሪን ለመመዘን ለሚፈልግ ሰው ቀላል መለኪያ አለ። የሚመራውን አካባቢ ዕቅድና ሪፖርት ከማገላበጡ አስቀድሞ በዝርዝሩ ውስጥ ስሟ ያልተነበበውን ያችን መበለት ይጠይቅ። ለምን እንደቀረች ተነግሯታል? ቅሬታዋን የሚሰማ አግኝታለች? በሚቀጥለው ስብሰባስ ሳትፈራ ተነሥታ ትናገራለች? መልሷ አዎን ከሆነ ወረዳው መልካም መሪ አለው። አይደለም ካለች ግን ሪፖርቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ገና አልተጀመረም።